የሜሪ ቦታ

«ዝናብ!» አለች ዲቦራ እጇን እንኳ ሳታወጣ። «የከተማችን የሚዛን ዝናብ ፕሮፊውዝ ነው፣ ቲቸር!»

ክፍሉ ሳቀ። መምህር ይሄይስ ሰሌዳው ላይ የጻፉት የእንግሊዝኛ ቃል ትርጉሙ «ሳይቆጠብ በብዛት የሚፈስ» ነበር።

«ትርጉሙ ገብቶሻል፤ አጠቃቀሙን ግን ስተሻል» አሉ። «ይህን ቃል ለዝናብ ብዙም አይሉትም። ለላብ፣ ለደም ይሉታል። ደግሞም ለምስጋናና ለይቅርታ። አንዴ ሶሪ ብሎ ማለፍ ግን ፕሮፊውዝ አይባልም፤ ሰው ሳይሰስት ይቅርታ ሲጠይቅ ነው። ለነገ ከራሳችሁ ሕይወት አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ ኑ።»

ዲቦራ አጠገቧ ያለውን ባዶ ቦታ አየች። የአክስቷ ልጅ ሜሪ ከጌጫ መጥታ እነሱ ቤት እየኖረች የምትማረው እዚህ ተቀምጣ ነበር። ከሴሚስተሩ እረፍት ግን አልተመለሰችም። «እዚሁ ጌጫ እማራለሁ» ብላ ቀረች። ለምን እንደሆነ ከዲቦራ በቀር የሚያውቅ የለም።

ታኅሣሥ ላይ ነው። በሽቦ ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና የመጠበቅ ተራው የዲቦራ ነበር። ደመናው ሲጠቁር ላስቲክ ማልበስ ሲገባት፣ ጎረቤት ቤት ቲክቶክ ላይ ተጥዳ ቀረች። ቡናው በሰበሰ። አባቷ ጌታሁን ሲቆጣ አፏ ቀደማት፤ «ተራው የሜሪ ነበር!» አለች። ሜሪ ቀና ብላ አየቻት። «የሰው ልፋት የማይገባት!» የሚለውን የጌታሁንን ስድብም ዋጥ አደረገችው።

ከዚያ ወዲህ ሜሪ እንዴት እንደናፈቀቻት! አልጋው ሰፋባት፤ ብርድ ልብስ የሚሻማት የለም። ሦስቴ «ሶሪ» ብላ ቴክስት ላከች። «ችግር የለም» የሚል ብቻ መጣላት፤ እሱ ደግሞ ከዝምታም ባሰባት።

ቤት ስትደርስ አባቷ የደረቀውን ቡና ጆንያ ውስጥ እየሞላ ነበር። ቦርሳዋን ሳታወርድ የጆንያውን አፍ ያዘችለት።

«አባባ…»

«ወዬ።»

«ቡናው የራሰ ቀን… ተራው የኔ ነበር። ሜሪ ምንም አላጠፋችም።»

የጌታሁን እጅ ቆመ። «እኔ እኮ ያን ሁሉ የተናገርኳት…» አለ።

«ቅዳሜ ጌጫ ውሰደኝ። በስልክ አይሆንም።»

«አብረን እንሄዳለን» አለ። «እኔም የምጠይቃት ይቅርታ አለብኝ።»

ማታ ደብተሯን ከፍታ ፕሮፊውዝ የሚለውን ቃል ጻፈች። ከሥሩ ያለውን የዓረፍተ ነገሩን መስመር ግን እስከ ቅዳሜ ባዶውን ተወችው። ነገ ቲቸር ሲጠይቋት «ሰኞ ላምጣ» ትላቸዋለች።