ልቧ የሚሮጥባት ነርስ

ስለ ሰው ልብ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም እየተባለ የሚወራለት ወጣቱ ሐኪም፣ አጠገቡ የምትሠራው ነርስ እንደምትወደው አያውቅም ነበር። ሆስፒታሉ በሙሉ ያውቃል፤ ዘበኛው ሳይቀር።

ነገር የመጣው ሠራተኞች ጤናቸውን የተመረመሩ ዕለት ነው። ሐኪሙ የእጇን አንጓ ይዞ ሰዓቱን አየ፤ ደግሞ አየ፤ ፊቱ ጠቆረ።

«ሲስተር፣ የልብሽ ምት ጥሩ አይደለም። ይሮጣል።»

«ደረጃ ወጥቼ ነው ዶክተር።»

«ቅድም እዚሁ ተቀምጠሽ ነበር እኮ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። በማግስቱም መረመራት፤ ባሰባት። በመጨረሻ «እንዲህ ባለ ልብ ሕመምተኛ ማንሳትና ማስተኛት አይቻልም፤ ሥራውን ትተሽ እናትሽ ቤት ግቢ» ብሎ ቁርጡን ነገራት። ብትናገር ኀፍረት፣ ዝም ብትል ስንብት ሆነባት። ከስንብቱ ይልቅ የከበዳት እሱን አለማየቱ ነው።

የነርሶቹ አለቃ፣ ቁጡዋ ትልቅ ሴት፣ ይህን ሲሰሙ ልጅቷን እየጎተቱ ቢሮው ገቡ። ራሳቸው እጇን ያዙ።

«ደህና ናት። በል አሁን አንተ ያዛት።»

ያዛት፤ ልቧ ሮጠ። ለቀቃት፤ አለቃዋ ሲይዟት ረጋ። እንደገና ያዛት።

«ይገርማል!» አለ ዓይኑ በርቶ። «በሽታውን የሚያመጣው መርማሪው ነው! ስንቱን ጤነኛ በሽተኛ ብለናል! ይህ መጻፍ አለበት!»

«ወይ ጉድ!» አሉ አለቃዋ። «ትወድሃለች፣ አንተ ደንቆሮ!» በሩን ዘግተው ወጡ።

ሐኪሙ ቁጭ አለ። ቀና ብሎም አያት።

«እኔም እወድሻለሁ መሰለኝ። ግን የእኔ ልብ የምር በሽተኛ ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ። ብዙ አልቆይም።»

«እንግዲያው የምትቆየውን ያህል አብረን እንቆያለን» አለችው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ ብላ።

ተጋቡ። እሱም ብዙ ሰው መርምሮ፣ ሐኪሙን የሚፈራም የሚወድም ሰው ልቡ እንደሚፈጥን፣ ስለዚህ ሕመምተኛው ሳያርፍ፣ ሌላ ሰውም ሳይመረምረው የልብ በሽተኛ ነው እንዳይባል ጻፈ። አንጋፋዎቹ ሐኪሞች ሳቁበት፤ ቆይተው ግን ተከተሉት። እሱ ይህን አላየም። ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው ሞተ። እሷ ሥራዋን ቀጠለች፤ ናፍቆቱ ግን አልለቀቃትም።

ፀጉሯ ከሸበተ በኋላ የሕክምና ትምህርት ቤቱ እሱን ለማስታወስ ሰው ሲሰበስብ ሄዳ ከኋላ ተቀመጠች። መምህሩ ለተማሪዎቹ ያብራራሉ።

«ይህ ትልቅ ግኝት የተጀመረው በአንዲት የልብ በሽተኛ ነርስ ነው።»

አሮጊቷ እጇን አወጣች።

«ይቅርታ ዶክተር፣ አልታመምኩም ነበር» አለች። «ወድጄው ነው።»