ወንድ የማይገባበት ጓሮ

ሬሳው የተገኘው አንጋጫ ከተማ፣ ከመምህርት ጣቢታ ቤት ጀርባ፣ ሴቶች እንሰት ከሚፍቁበት ቦታ ነበር። ማክሰኞ ማለዳ ቆጮ ልታወጣ የሄደች ጎረቤት የቅጠሉን አጥር ገልጣ ስትገባ፣ የገበሬ ማኅበሩ ዘበኛ ተረፈ የቆጮው ጉድጓድ አፍ ላይ በጀርባው ተዘርግቶ አየችው። ማጅራቱ ተሰብሯል። ከጎኑ የእንሰት መቀጥቀጫ እንጨት ተጋድሟል።

ረፋዱ ላይ ጣቢታ ታሰረች። ከቀትር በኋላ ደግሞ ሆሳዕና ባለው ጦር ሰፈር እጩ መኮንን ማቴዎስ ተጠራ።

ማቴዎስ ከአንጋጫ ብዙም የማትርቀው የዳምቦያ ልጅ ነው። ከኮሌጅ አውጥተው ለውትድርና ከመለመሉት ወዲህ ከሰው አንደበት መረጃ የመሰብሰብን ሙያ ይማራል። ኮርሱን ሊጨርስ ጥቂት ቀናት ቀርተውታል። የጠራው አስተማሪው ሻምበል ወልደኪዳን ነው። ሻምበሉ በዚያው ጠዋት ከአዲስ አበባ መመለሱ ነበር፤ የመንገዱን አቧራ እንኳ ገና አላራገፈም።

«ሟቹ የእኛ ምንጭ ነው» አለ ሻምበሉ። «አምስት ሪፖርት ሰጥቶናል። ቤተ ክርስቲያናቸው ከታሸገ ወዲህ ሴቶቹ እንሰት እንፍቃለን እያሉ ጓሮ ውስጥ ተደብቀው የተከለከለ ጸሎት እንደሚያደርሱ የነገረን እሱ ነው። መምህርቷ ደርሳበት ገድላዋለች። አንተ የአገሬው ልጅ ነህ፤ እስከ ዓርብ ቃሏን ይዘህ ና። ያን ጊዜ ኮከብህን ትለብሳለህ።»

«ገዳይዋ እሷ ካልሆነችስ፣ ጓድ ሻምበል?»

«ሌላ ስም ታመጣለህ። ባዶ እጅህን ከመጣህ እሷ ወደ አዲስ አበባ፣ አንተ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ትጫናላችሁ።»

ማቴዎስን ፊደል ያስቆጠረችው ጣቢታ ናት። ይህን ለሻምበሉ አልነገረውም። ሻምበሉ ግን ያውቅ ነበር፤ የመረጠውም ለዚሁ ነው።

አንጋጫ እንደ ደረሰ በመጀመሪያ ሬሳውን አየ። የጫማው ተረከዝ በጭቃ ተፍቋል፤ ሰውየው ተጎትቷል ማለት ነው። ቁስሉ ላይ የደረቀው አፈር ቀይ ነው። የጣቢታ ጓሮ አፈር ግን ለዘመናት ፍግ የበላ፣ እንደ ከሰል የጠቆረ ነው። ቀይ አፈር ያለው ከአጥሩ ውጪ፣ መንገዱ ላይ ብቻ ነው።

ጣቢታ የታሰረችው በቀበሌው የእህል መጋዘን ውስጥ ነው።

«ማቴ! ወፍረሃል እኮ» አለችው። «የመንግሥት ወጥ ተስማምቶሃል።»

«እትዬ፣ ሰኞ ሲመሽ የት ነበሩ?»

«ቤቴ። የተማሪ ደብተር ሳርም።»

«ማን አየዎት?»

«እግዜር። እሱን ደግሞ እናንተ አትመዘግቡትም።»

ማቴዎስ ሳቁን ዋጥ አደረገ። «ከተረፈ ጋር ጠብ ነበራችሁ?»

«ሁለት ሴቶቻችንን ሲያስሩ ‹ተረፈ ነው የነገረን› አሏቸው። ከዚያ ወዲህ ገበያ ላይ ሰላምታ ነሣነው። ‹እኔ ለዚያ ወታደር የነገርኩት የበቆሎ ዋጋ ብቻ ነው› እያለ አልቅሶ ማለ። አላመንነውም።» ድምጿ ዝቅ አለ። «ብገድለውስ ልጄ፣ የዓመት ቀለቤ ላይ እጥለዋለሁ? ከእንግዲህ ያንን ቆጮ ማን ይቀምሰዋል?»

ሰኞ ቀን ከተረፈ ጋር ሲጨቃጨቅ የታየው ባለሱቁ ዳኘ ነበር። አባቱ ከጉራጌ አገር መጥተው ሱቁን የከፈቱ ናቸው።

«አልተጣላንም፤ ጮኸብኝ እንጂ» አለ ዳኘ። «‹ስሜን አጥፍተውታል፤ ሆሳዕና ሄጄ ለአለቃቸው ልንገር፤ አማርኛዬ አይበቃም፣ አብረኸኝ ሂድ› አለኝ። እምቢ አልኩት።»

«ስሙን ያጠፋው ማነው?»

«አልጠየቅሁም። የዘንድሮ ጤና አለመጠየቅ ነው፣ ጌታው።»

«ጣቢታ ጓሮ ገብተህ ታውቃለህ?»

ዳኘ እንደ ተሰደበ ሰው ወደ ኋላ አፈገፈገ። «እንሰት ከሚፋቅበት? እኔ ወንድ አይደለሁም እንዴ? እኛስ ጉራጌዎቹ በእንሰት ነገር እንደ እናንተው አይደለን? እናቴ ብትሰማ ከመቃብር ተነሥታ ትገርፈኛለች!»

የቀረው ብሩ ነው። ብሩ ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ፣ አራት ወር የቆየ እጩ መኮንን ሲሆን አልጋው ከማቴዎስ አልጋ ቀጥሎ ነው። ተረፈን የመለመለውና ሪፖርቶቹን የጻፈው እሱ ነው። በእነዚያ ሪፖርቶች የተነሣ ከኮርሱ አንደኛ እንደሚወጣ ሁሉም ያውቃል።

«ሰኞ ከሆሳዕና አልወጣሁም» አለ ብሩ። «ከተረፈ ጋር የምንገናኘው ዓርብ ዓርብ ነው። ምን ታደክመናለህ? ሴትዮዋን አስፈርምና እንገላገል።»

ዓርብ ጠዋት ሁሉም ሻምበሉ ቢሮ ተሰበሰቡ። ጣቢታ በሁለት ወታደሮች መካከል ቆማለች፤ ዳኘ ባርኔጣውን በእጁ ያሻል።

«ብሩ» አለ ማቴዎስ ሪፖርቶቹን ይዞ፣ «ሦስተኛው ላይ ‹ምንጩ በቦታው ተገኝቶ ያየው› ይላል። ተረፈ ከየት ሆኖ ነው ያየው?»

«ውስጥ ነዋ። ከሴቶቹ ጋር ከጉድጓዱ አጠገብ ተቀምጦ። ሲፍቁ ያግዛቸው ነበር።»

ዳኘ እንደዚያ ፈርቶ ሳለ ሳቅ አመለጠው። ጣቢታም አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ብሩ ግራ ተጋብቶ ከአንዱ ወደ ሌላው ተመለከተ። «ምን ያስቃል?»

«ሻምበል፣ የሳቁትን እዩልኝ፤ ያልሳቀውንም እዩልኝ» አለ ማቴዎስ። «በዚህ አገር ሴቶች እንሰት ወደሚፍቁበት ወንድ አይገባም። ተረፈ አንጋጫ ተወልዶ አንጋጫ ያረጀ ሰው ነው፤ በሕይወቱ እዚያ አልተቀመጠም። ስለዚህ ሪፖርቱን የሰጠው እሱ አይደለም። ቁስሉ ላይ ያለው የመንገድ አፈር ነው፤ የሞተው መንገድ ላይ፣ የተጎተተው ሞቶ ነው። ጎትቶ ያስገባውስ ማነው? ዳኘ በሕይወቱ አይረግጠውም። ጣቢታ የራሷን ምግብ አታረክስም። ከአጥሩ ማዶ ያለው ለወንድ ክልክል መሆኑን የማያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ያ ሰው ደግሞ አለማወቁን በራሱ እጅ ጽፎታል። ተረፈ ወደ እርስዎ ሊመጣ ነበር። ቢመጣ አምስቱም ሪፖርት ይፈርሳል።»

ብሩ ከመቀመጫው ተነሣ። «በየሳምንቱ ሪፖርት ትላላችሁ!» ብሎ ጮኸ። «ለበቆሎ ዋጋ ኮከብ የሚሰጥ ማነው? እከስሃለሁ ብሎ ዝቶብኝ ነበር፤ ላስፈራራው ነበር የሄድኩት። ገፋሁት፤ ድንጋይ ላይ ወደቀ...»

ወሰዱት። ዳኘም ተሰናበተ፤ ጣቢታን ወደ ውጪ አስወጧት። ሻምበሉ በሩን ዘጋ።

«ጎበዝ» አለ። «ሪፖርቶቹ ግን ወደ ላይ ሄደዋል፤ የሄደ አይመለስም። ብሩ በግል ጠብ ገደለ ተብሎ ይጻፋል። ሴትዮዋን ወደ ቤቷ ውሰዳት፤ አንተም ሰኞ ኮከብህን ትለብሳለህ።» ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ቀጠለ፦ «ተረፈ አላየም አልክ። አልጸለዩም ግን አላልክም።»

ማቴዎስ ሪፖርቶቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ለካ ስህተታችን ወንድ መላካችን ነው። ከሴቶቹ አንዷን መልምልና ከመጀመሪያ ሪፖርቷ ጋር ሰኞ ስሟን አምጣ። አንጋጫ ካጣህ ዳምቦያ እንፈልጋለን። እናትህ ይፍቃሉ አይደል?»

ማቴዎስ ወታደራዊ ሰላምታ ሰጥቶ ወጣ። በሩ ከኋላው የተዘጋ ሳይሆን፣ ከፊቱ የተቆለፈ መሰለው።

ጣቢታን በመኪና አንጋጫ አደረሳት። ከቤቷ ደጃፍ ላይ የተባለውን ሁሉ ነገራት። ጣቢታ ወደ ጓሮዋ አጥር ተመለከተች።

«እኔን ጻፈኝ» አለች።

«እትዬ!»

«ሌላዋ ትፈራለች፤ የፈራ ደግሞ ያወራል። እኔ በየሳምንቱ ስንት እንሰት እንደፋቅን እነግርሃለሁ። አንተ እሱን ትጽፋለህ።»

«አንድ ቀን ቢደርሱበትስ?»

«አንድ መኪና ላይ ይጭኑናላ።»

ማቴዎስ የምንጭ መመዝገቢያውን ቅጽ የመኪናው አፍንጫ ላይ ዘረጋ። ሐሰተኛ ሪፖርት የጻፈን ሰው ካጋለጠ ሦስት ሰዓት እንኳ አልሞላውም። ብሩም የመጀመሪያዋን ሪፖርት ሲጽፍ እንዲሁ ብዕሩ ከብዶት እንደሆነ አሰበ።

«በዚህ ሳምንት ስንት ፋቃችሁ?»

«ሁለት።»

ሊጽፍ ሲል እጁን ያዘችው።

«አይ፣ ይህን ያህል ሴት ለሁለት እንሰት ምን ይሰበስበዋል ይላሉ። ስድስት በል።»

ስድስት ብሎ ጻፈ።