ማንም ያልጠየቀው መንደር

ደባሽ እስራኤል አገር ፔታ ቲክቫ ከተማ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። አልጋ ላይ የዋሉ ሽማግሌዎችን ታጥባለች፣ ልብሳቸውን ትቀይራለች፣ ቁስላቸውን ትጠርጋለች። «የሰው ገላ ነው፣ ምን ያስጠይፋል?» ትላለች። በ2009 ጎንደር ሄዳ ያየችው ነገር ግን አስጠየፋት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንደ እሷ ከአንድ የጎንደር ገጠር መንደር የመጡ ቤተሰቦች በከተማዋ ሻአሪያ ሰፈር ውስጥ ማኅበር ነበራቸው። ሊቀመንበሩ ሹሜ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ንግግር አዋቂና ችኩል ሰው። «ጥለናቸው ለመጣነው ጎረቤቶቻችን ንጹሕ ውኃ እናጠጣቸው» ሲል ሁሉም እሺ አለው። ሹሜ በአንድ ጉዞ ጉድጓድ አስቆፍሮ፣ በናፍታ የሚሠራ ፓምፕ አስተክሎ፣ ገንዳ አስገንብቶ፣ የአባላቱንና የሟች ወላጆቻቸውን ስም በእብነ በረድ ላይ አስጽፎ ተመለሰ። የምርቃቱ ፊልም በሞአዶኑ፣ በሰፈሩ መሰብሰቢያ አዳራሽ፣ ሲታይ ሕዝቡ እልል አለ። ደባሽም እልል አለች።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ የአባቷን መቃብር ልትጎበኝ ወደ መንደሩ ወረደች። ገንዳው ጋ ሳትደርስ ሽታው ተቀበላት። ውኃው አረንጓዴ ልጋግ ለብሷል፤ ከላዩ ዝንብ ወሮታል፣ ከሥሩ ትል ይርመሰመሳል። ጥግ ላይ የውሻ ሬሳ በስብሷል። የፓምፑ ቤት መጸዳጃ ሆኗል። ከዚህ ሁሉ በላይ ነጩ እብነ በረድ ያብረቀርቃል፤ የአባቷ ስም አለበት። ዞር ብላ አስመለሰች።

የልጅነት ጓደኛዋ እንጉዳይ ጀሪካን አዝላ ስታልፍ አገኘቻት። ተቃቅፈው ተላቀሱ።

«ከየት ነው የምትቀዱት?» አለች ደባሽ።

«ከድሮው ወንዝ ነዋ፣ ከብቱ ከሚጠጣበት። ሞተሩ አንድ ክረምት ሠርቶ ተሰበረ። ናፍታውን ማን ከከተማ ያምጣ? ማን ይጠግን? ቁልፉን ማን ይያዝ? በዚህ ስንጣላ ከረምን። አምና ተቅማጥ ገባና ልጄን ልደትን ቀበርኳት።»

ደባሽ ጀሪካኑን ከጀርባዋ ተቀበለቻት። «ይህን ለምን መጀመሪያውኑ አልነገራችኋቸውም?» አለች።

«ማን ጠየቀን? ‹እዚህ ቁሙና አጨብጭቡ› አሉን፤ ቆመን አጨበጨብን።»

ደባሽ ፔታ ቲክቫ ስትመለስ ማኅበሩ ተሰብስቦ ነበር። ሹሜ ለመንደሩ ቤተ መጻሕፍት እንሥራ እያለ፣ እብነ በረዱ ምን ያህል እንደሚሰፋ በእጁ ያሳያል። ደባሽ ተነስታ ያየችውን አንድም ሳታስቀር ተናገረች።

«እኛ ሠርተን ሰጠን» አለ ሹሜ። «ካበላሹት ምን አገባን? ያላ፣ ወደ አጀንዳችን እንመለስ።»

«የአባቴን ስም ከዚያ ከከረፋ ግድግዳ ላይ ንቀሉልኝ!» ደባሽ ጮኸች። «በየቀኑ የሰው ቆሻሻ አጥባለሁ። እንደዚያ ገንዳ የቀፈፈኝ የለም። የሠራነው ለጭብጨባችን ነው።»

በዕድሜ ትልቁ አባ ጓንጉል ቀና ብለው «ሹሜ ልጄ፣ እዚያ ሄደህ ማንን አማከርህ?» ሲሉ ጠየቁ።

«ጊዜ አልነበረኝም አባቴ።»

ደባሽ ስልኳን አወጣች። እንጉዳይ ኔትዎርክ የሚይዝበት ኮረብታ ላይ ወጥታ እንድትጠብቃት ቀድማ ቀጥራታለች። ድምፁን ከፍ አድርጋ ሹሜ ፊት አስቀመጠችው። «እንጉዳይ ናት። ይኸው ይጠይቋት።»

ሹሜ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለ። «እንጉዳይ... ስለ ልጅሽ...» ብሎ አልጨረሰውም። ቀጥሎም «ምን ብናደርግ ይሻላል ትያለሽ?» አለ።

«ብቻዬን አልመልስም» አለች እንጉዳይ። «ሴቱም ወንዱም ተሰብስቦ ይምከር። ምን እንደሚሠራ፣ የት እንደሚሆን፣ ማን እንደሚጠብቀው፣ ሲሰበር ማን እንደሚጠግነው ተስማምተን እንነግራችኋለን። ክረምቱ እስኪያልፍ ይቆይ ይሆናል።»

ሹሜ አንገቱን ደፋ። «በሰደር፣ እሺ፣ እንጠብቃለን» አለ። ደባሽ «እንጠብቃለን» የሚል ቃል ከሹሜ አፍ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር። የቤተ መጻሕፍቱም ወሬ በዚያው ቀረ።

ለገጠር ወገናችን አንድ ነገር እንሥራ የምንል ሁሉ ከመቆፈራችን በፊት እንጠይቅ። ሥራው እኛ ከሄድን በኋላ በማን እጅ እንደሚቆም ሳናውቅ አንመርቅ፣ አናጨብጭብ። ልደት የተቀበረችው እብነ በረዱ ከተተከለ በኋላ ነው።