የውኃ ሰሚዎች እድር

በዚያን ዕለት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የምንጭ አምባ ከተማ ዋና የውኃ ቧንቧ በትርንጎ ግራ ትከሻ ላይ ተሰነጠቀ።

ትርንጎ አልደነገጠችም፤ የዘወትር ሥራዋ ነው። ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች ዓይኗን ጨፍና ሕመሙን ተከተለችው። ከትከሻዋ አጥንት ሥር ተነስቶ ወደ አንገቷ የሚሮጥ ስለታም ውጋት ነበር። ግራ ትከሻ ማለት የላይኛው ሠፈር ነው፤ ከአጥንቱ ሥር ማለት ደግሞ ከክሊኒኩ ጀርባ የሚያልፈው ወፍራም ቧንቧ። ጡንቻዋን ጭብጥ አድርጋ አጠበቀችው። ያን ጊዜ ከእርሷ ሁለት ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ከመሬት በታች ያለ አንድ ግዙፍ መዝጊያ እያጓራ ተዘጋ። አራት ሺህ ቤቶች ውኃ አጡ። በክሊኒኩ ኩላሊታቸውን በመታጠብ ላይ የነበሩ ሠላሳ አንድ ሰዎች ከማሽኑ ተነስተው እንዲጠብቁ ተደረገ።

የለበሰችው ልብስ ገላካርታ ይባላል። እንደ ሐር የሳሳ፣ ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ፣ ከለባሹ ነርቭ ጋር የሚነጋገር ልብስ ነው። የከተማው ቧንቧ ሁሉ በሰው ገላ ላይ ቦታ ቦታውን ይዞ ይሰማበታል፤ ለባሹ ጡንቻውን ሲያጠብቅ መዝጊያዎች ይዘጋሉ፣ ሲያላላ ይከፈታሉ። ምንጭ አምባ የተሠራችው በስምጥ ሸለቆው አፋፍ ላይ፣ ምድሩ እረፍት በማያውቅበት ቦታ ነው። መጀመሪያ ላይ ሥራውን ለኮምፒውተር ብቻ ሰጥተውት ነበር። ኮምፒውተሩ ግፊቱን አሳምሮ ይለካል፤ የትኛው ግፊት እንደሚያሰጋ መለየት ግን አቃተው። ስለዚህ የሚሰጋ ፍጡር ተፈለገ፤ ሰው ተቀጠረ። ውኃ ሰሚ ተባለ።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ የቁፋሮው ቡድን አለቃ ዋሲሁን በሬዲዮ ጠራት።

«ትርንጎ፣ ቆፍረን አየነው። ቧንቧው ደኅና ነው።»

«ደኅና አይደለም! አሁንም እየወጋኝ ነው እኮ!»

«እጄን አስደግፌበት ነው የማናግርሽ። ጠብታ እንኳ የለም።»

ደኅና ቧንቧ ተሰነጠቀ ስትል በዚያ ወር ይህ ሦስተኛዋ ነበር። የሰሚዎቹ ኃላፊ ኢንጂነር አምኃ ባለሙያ ጠርቶ ልብሱን አስመረመረ። አንድም ክር አልተበላሸም። ትርንጎ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገብታ ገላካርታውን አወለቀች፤ አጥፋ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ መስታወቱ ፊት ቆማ ቀኝ እጇን ወደ ግራ ትከሻዋ ሰደደች። ቧንቧው አሁንም እዚያው ተሰንጥቆ ነበር።

ይህች ሴት በከተማዋ የታወቀች ናት። ከሁለት ዓመት በፊት ታላቁ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲደርስ ተረኛዋ እርሷ ነበረች። መንገዱ ተዘጋ፤ ስልኩ ተቋረጠ፤ ሊተካት የሚችል ሰው ሊደርስ አልቻለም። አሥራ ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ እጇን፣ ጭኗን፣ መንጋጋዋን ጨብጣ ከተማዋን ያዘች። አንድም ሰው በጎርፍ አልሞተም፤ አንድም ሠፈር በጥማት አላለቀሰም። በማግስቱ አደባባይ ላይ ሜዳሊያ አጠለቁላት፤ ፎቶዋ በየአውቶቡስ ፌርማታው ተለጠፈ። ከዚያም የከተማው ምክር ቤት ተሰብስቦ አሰበና፣ «አንድ ሰው አሥራ ዘጠኝ ሰዓት ከቻለ አሥራ ሁለት ሰዓት ምን አላት?» ብሎ የሁሉንም ሰሚዎች ፈረቃ ከስድስት ወደ አሥራ ሁለት ሰዓት ከፍ አደረገው። ትርንጎም «ጀግና ነሽ» ተብላለችና ደከመኝ ማለት አፈረች።

ኢንጂነር አምኃ የሁለት ወር እረፍት ሰጣት። ሐኪሞቹ ማሳረፊያ የሚሉት ሣጥን ውስጥ አስተኟት፤ በብርሃንና በድምፅ የሚያስተኛ መሣሪያ ነው። ሦስት ቀን ተኝታ ስትነሳ ስትገባ እንደነበረችው ሁሉ ደክማ ወጣች። ቤቷ ገብታ መጋረጃዋን ዘጋች። ሳሕን ማጠብ ተራራ መውጣት ሆነባት። አንድ ቀን ቁርስ ስትበላ ጥርሷ ተሸርፎ መዳፏ ላይ ወደቀ፤ በእንቅልፏ መንጋጋዋን ስታፋጭ ሰንጥቃው ኖሯል።

በስድስተኛው ቀን ዋሲሁን ምሳ በሳሕን ይዞ መጣ። የጨለመውን ክፍል፣ የተከመረውን ልብስ አየና መጋረጃውን ገለጠው።

«ነገ ጠዋት እመጣና እንሄዳለን» አላት።

«ወዴት?»

«እድር።»

«ውይ! ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተ። እንዳትሞቺ ነው።»

የወሰዳት ወደ አሮጌው የአውቶቡስ ጋራዥ ነበር። አውቶቡሶቹ ወደ አዲስ ጋራዥ ከተዛወሩበት ጊዜ ጀምሮ የተረሳ ሰፊ አዳራሽ ነው፤ ወለሉ ላይ ምንጣፎች ተነጥፈዋል። ሰባት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ግድግዳ ተደግፈው ጉልበታቸውን እጥፍ አድርገው ቆመዋል፤ ወንበር ሳይኖር የተቀመጡ ይመስላሉ። ሁሉም ጡረታ የወጡ ውኃ ሰሚዎች ናቸው። መሪያቸው የዋሲሁን አክስት እትዬ ደብሪቱ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ገላካርታ ለብሰው የኖሩ፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ግን የሚያስተጋባ ሴት ናቸው።

«ነይ ልጄ፣ ከጎኔ ቁሚ» አሏት። «ጭንሽ እስኪዝል ድረስ እንዲህ ቁሚ። ሲዝል ትተኛለሽ።»

ቆመች። ዛለች። በጀርባዋ አስተኟትና የውስጥ እግሮቿን አጋጥማ ጉልበቶቿን ግራና ቀኝ እንድትከፍት ነገሯት፤ ከዚያ ቀስ እያለች እንድታቀራርባቸው። ጉልበቶቿ መሐል ላይ ሲደርሱ ከጭኗ ውስጥ አንድ ነገር ተርገፈገፈ። እርሷ ያዘዘችው አልነበረም። ትርንጎ ዘላ ተነሳች።

«አልፈልግም! እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እኔ መንቀጥቀጥ የሚባል ነገር አልወድም።»

እትዬ ደብሪቱ አልተቆጡም። ዙሪያዋን ያሉት ሽማግሌዎች ተኝተው እግሮቻቸው እንደ ቅጠል እየራዱ ነበር፤ አንዱ እያንኮራፋ እንኳ ይርዳል።

«አህያ አይተሽ አታውቂም?» አሏት። «ጭነቷን ሲያወርዱላት መሬት ላይ ትንከባለላለች፤ ተነስታ ደግሞ ትራገፋለች። ካልተራገፈች ጭነቱ ወርዶም እንዳልወረደ ነው። አንቺን ያኔ ሸክምሽን አወረዱልሽና ወዲያው አደባባይ ወሰዱሽ። ለሰውነትሽ ‹አልቋል› ብሎ የነገረው የለም። እሱ እስከ ዛሬ ከተማዋን ጨብጦ ይዟል።»

ትርንጎ ቀስ ብላ ምንጣፉ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች።

«በቃኝ ካልሽ እግርሽን መዘርጋት ነው፤ ያን ጊዜ ይቆማል። ልጓሙ በእጅሽ ነው» አሏት።

ያን ቀን ለአንድ ደቂቃ ያህል ራደች፤ ከዚያ እግሯን ዘረጋች። በማግስቱ ሁለት ደቂቃ። በአራተኛው ቀን መርገፍገፉ ከጭኗ ወደ ዳሌዋ፣ ከዳሌዋ ወደ ሆዷ ወጣና ደረቷ ላይ ሲደርስ እንደ ሕፃን ልጅ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ማንም «ተይ፣ በቃሽ» አላላትም። ጋሽ ቦሩ የሚባሉት ዝምተኛው ሽማግሌ ብቻ ተነስተው ጋቢያቸውን አለበሷትና አጠገቧ ተቀመጡ።

ነገሩ እንደ ተረት ወዲያው አልቀናም። በሁለተኛው ሳምንት ባሰባት፤ ከአልጋ መነሳት አቅቷት ቀረች። በዚያን ቀን እድርተኞቹ ወደ ቤቷ መጡ። አንዷ ልብሷን አጠበችላት። ጋሽ ቦሩ ከመጡ ጀምሮ ሲጥ ሲጥ ሲል የሰሙትን በሯን ጠገኑ። እትዬ ደብሪቱ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ስለ ሠፈር ሐሜት ሲያወሩ ዋሉ፤ ከሰዓት በኋላ ትርንጎ ራሷ ባላወቀችው ምክንያት ስትስቅ ተገኘች። ቆይታም ራበኝ አለች። ራበኝ ካለች ስንት ጊዜዋ ነበር!

በሰባተኛው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት፣ ሁሉም ወለሉ ላይ እንደተኙ ኢንጂነር አምኃ ጋራዡ በር ላይ ቆመ። ክራቫቱን አላላም፤ እጁ ላይ ቀጭን የመዝገብ ሰሌዳ ይዟል። በእረፍቷ መሐል ስለመጣ ይቅርታ ጠየቀና ለምን እንደመጣ ተናገረ። ምክር ቤቱ ፈረቃውን ወደ አሥራ ስድስት ሰዓት ሊያሳድገው ነው፤ እርሱም አንድ ሰው እስከ ምን ድረስ እንደሚችል አጥንቶ እንዲያቀርብ ታዟል። በዚህ መሐል ደግሞ ሌሎች አራት ሰሚዎች ያልተሰነጠቀ ቧንቧ መስማት ጀምረዋል።

«ያንቺን አሥራ ዘጠኝ ሰዓት መዝገብ ከፍቼ አየሁት» አላት። «ሒሳቡ አልገጥም አለኝ። ልብስሽ የመዘገበው ሸክም ከጠቅላላው ከስምንት እጅ አንዱ ብቻ ነው። ሰባቱ እጅ የት ሄደ?»

ትርንጎ ግራ ገባት። «ሌላ ሰው አልነበረም እኮ። ብቻዬን ነበርኩ።»

እትዬ ደብሪቱ ቀስ ብለው ተነስተው ተቀመጡ፤ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ገላካርታ በለባሹ ልክ ስለሚሠራ ጡረታ ስንወጣ አይቀሙንም» አሉ። «ለሌላ ሰው አይሆንማ። እኔ ሣጥን ውስጥ አስቀምጬው ነበር። ያን ቀን ምድር ሲናወጥ ተረኛው ልጅ ምን ይውጠው አልኩና ለብሼ ቤቴ ወለል ላይ ተኛሁ። ልብሱ መረቡን አልረሳውም። ገባሁ።»

«እኔም» አሉ ጋሽ ቦሩ። ትርንጎ ድምፃቸውን በቅጡ ስትሰማ ያን ጊዜ የመጀመሪያዋ ሳይሆን አይቀርም።

«ተነጋግራችሁ ነው?» አለ አምኃ።

«በምን ስልክ? ሰባታችንም ለየብቻችን የገባን መስሎን ነበር። እውነቱን ያወቅነው በማግስቱ እዚሁ ልንራገፍ ስንገናኝ ነው።»

የትርንጎ ፊት ተለዋወጠ። «ሁለት ዓመት ሙሉ! ለምን አልነገራችሁኝም?»

እትዬ ደብሪቱ አንገታቸውን ደፉ። «ያለ ፈቃድ የገባን ነን፤ ፈራን። ደግሞ ሲያጨበጭቡልሽ ስናይ ደስታዋን እንቀማት ወይ አልን። ጥፋት ነው ልጄ። ደስታ መስሎን ሸክሙን ነው የተውንልሽ። ወደዚህ ከመጣሽ በኋላም በየቀኑ ዛሬ እነግራታለሁ እያልኩ ፈራሁ። ይቅር በይን።»

ትርንጎ ተነስታ ወደ በሩ ሄደች። ተናዳ ነበር። ወደ ውጭ እያየች ብዙ ቆመች። ሁለት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ራሷን የምትለካው ከዚያች ከፌርማታው ፎቶ ሴት ጋር ነበር፤ ያኔ ችዬ ዛሬ ምን ነካኝ እያለች። ያቺ ሴት ግን ኖራ አታውቅም። ኖራ የማታውቅን ሴት መሆን ቢያቅታት ምን ይገርማል? ይህን ስታስብ ንዴቷ መሐል አንድ ነገር ላላ አለ። ሳታስበው እጇ ወደ ግራ ትከሻዋ ሄደ። ትከሻ ብቻ ነበር።

ተመልሳ መጣችና የእትዬ ደብሪቱን ጉልበት ሳመች።

«እንግዲህ ምን ብዬ ልጻፍ?» አለ አምኃ ጨንቆት። «የጠየቁኝ አንድ ሰው ምን ያህል ይችላል ብለው ነው።»

«ያዩትን ይጻፉ» አለችው ትርንጎ።

ጻፈ። ሪፖርቱ አንድ ገጽ አልሞላም። ዋናው ዓረፍተ ነገር እንዲህ ይላል፦ «ምክር ቤቱ ስለ አንድ ሰው አቅም ጠይቋል፤ ሆኖም በመዝገቡ ውስጥ ያንን ቀን ብቻውን የቻለ አንድም ሰው ማግኘት አልቻልኩም።» ምክር ቤቱ ውስጥ የተቆጣም ያፈረም ነበር። ክርክሩ ሁለት ወር ፈጀ። በመጨረሻ ፈረቃው ሦስት ሰዓት ሆነ፤ በአንድ ጊዜም አራት አራት ሰው እንዲገባ ተወሰነ፤ ጡረተኞቹም በፈቃድ ተጠሩ። ከፈረቃ የሚወጣ ሁሉ ወደ ቤቱ ከመሄዱ በፊት ግማሽ ሰዓት ወለል ላይ ይተኛል።

ትርንጎ በአዲሱ ፈረቃ ሥራ በጀመረች በሦስተኛው ሳምንት ቀኝ ባቷ ላይ ጉንዳን የሄደባት ያህል አንድ ነገር ተሰማት። ድሮ ቢሆን በዚያ ሁሉ ሕመም መሐል ባልሰማችው ነበር።

«ቀኝ ባት ላይ የተሰማው አለ?» አለች።

«እኔ ጋ አለ» አሉ ከማዶ ወንበር ጋሽ ቦሩ።

ዋሲሁን ቆፈረ። የፀጉር ያህል የቀጠነ ስንጥቅ፣ ከአንድ ትምህርት ቤት ግቢ ሥር። ተማሪዎቹ ሳያውቁት በትምህርት ሰዓት ተጠገነ።

በዚያው ሰሞን አንድ ቅዳሜ ጠዋት አምኃ ጋራዡ በር ላይ ዳግመኛ ቆመ። በዚህኛው ቀን መዝገብ አልያዘም። «እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል» አለ፣ ሰበብ እንደሚያቀርብ ሰው እየተቅለሰለሰ። «ግን ለኔ የሚሆን አይመስለኝም። እኔ ልብሱን ለብሼ አላውቅም።»

«ሰውነት ግን አለህ አይደል ልጄ?» አሉት እትዬ ደብሪቱ። «ጫማህን አውልቅ።»

ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ጭኑ ሲዝል ተኛ፤ ጉልበቶቹን ከፍቶ ቀስ ብሎ አቀራረበ። ብዙ ቆየ። ከዚያ እግሮቹ ራዱ። ዓይኑን አፍጥጦ ጉልበቶቹን የሌላ ሰው እንደሆኑ ሁሉ ያያቸው ጀመር።

«ይህ ከየት መጣ? እኔ ምን ተሸከምኩ?» አለ። ወዲያውም ራሱ መለሰው። «ያን ቀን መቆጣጠሪያው ክፍል ነበርኩ። አሥራ ዘጠኝ ሰዓት የግፊት መለኪያዎቹን መርፌዎች አየሁ። ምንም ማድረግ አልችልም ነበር። ማየት ብቻ። ማንም ምን ሆንክ ብሎኝ አያውቅም፤ ምን ሆንኩ ብዬም አላሰብኩ።»

ትርንጎ ምንጣፏን ጎትታ ከጎኑ ተቀመጠች፤ መዳፏንም ደረቱ ላይ አሳረፈች።

«አይዞህ» አለችው።

አብረው በሠሩባቸው ዘጠኝ ዓመታት አንተ ብላው አታውቅም ነበር። እርሱም አላረማትም፤ እጇን አጥብቆ ያዘና መራዱን ቀጠለ።