የክሌበር ቦታ

ይሄ ታሪክ የሆነ ነው። አላምንም የሚል ሰው ቤታችን ይምጣና ጣሪያችን ላይ ይውጣ... ብቻውን ግን። እኔ አብሬው አልወጣም።

እሁድ ነበር። ከቀኑ አስር ሰዓት። የሳኦ ፓውሎ ደቡብ ዳር፣ ቤት በቤት ላይ የተደረበበት ዳገት፣ እኛ ሰፈር።

ቀን ነው እያልኳችሁ ነው። መብራት አልጠፋም፣ ዝናብ የለም፣ ውሻ አላለቀሰም። ልጆች በየጣሪያው ካይት፣ ያንን በክር የሚበር ወረቀት፣ ያበራሉ። የታች ጎረቤታችን ሙዚቃውን ለቆታል። እማዬ ከታች ዶሮ እየጠበሰች ነው፤ ሽታው ወደ ላይ እየመጣ ሆዴን ያስጮኸዋል።

እንዲህ ባለ ሰዓት ክፉ ነገር ይመጣል ብሎ ማን ያስባል?

ወንድሜ ጆዙዌ ፊልም እየሠራ ነበር። ብቻውን።

ብቻውን ስል... የጻፈው እሱ፣ የሚተውነው እሱ፣ ራፕ የሚያደርገው እሱ። ባለሱቁ እሱ። ፓስተሯ እሱ። ፖሊሱ እሱ። ልጇ የተገደለባት እናት ራሱ እሱ ነው፤ የእማዬን ሻርፕ ተከናንቦ።

የኔ ሥራ ካሜራ ነው። ካሜራው በሦስት እግሩ ቆሟል፤ እኔ ቁልፉን እጫንና እሱን እሰድባለሁ።

"ፓስተሯ ጢም አብቅላለች" እለዋለሁ።

"ዝም ብለሽ ቅረጪ፣ አንቺ ምላሳም።"

"ፖሊሱ ደግሞ ሲሮጥ እንደ ዳክዬ ነው።"

"ታይናራ! ድምፅሽ እየገባ ነው!"

ፊልሙ ስለ ሰፈራችን ሂፕ ሆፕ ነው። እንዲያ ይላል እሱ። እኔ ግን ስለ ክሌበር እንደሆነ አውቃለሁ።

ክሌበር የወንድሜ የልብ ጓደኛ ነበር። ግጥም ያስተማረውም እሱ ነው። አንድ ጠዋት ዳቦ ሊገዛ እንደወጣ በጥይት ተመታ። ፖሊሶቹ "የተኩስ ልውውጥ ነበር" አሉ።

ክሌበር እጅ ላይ የነበረው ዳቦ ነው። በዳቦ ምን ይተኮሳል?

ጋዜጣ አልመጣም። ዳኛ አልመጣም። ጆዙዌ "እኔ እናገራለሁ" ብሎ ተነሳ፤ ይኸው ነው ፊልሙ።

የመጨረሻው ትዕይንት ክቡ ነበር።

እኛ ጋ ራፐሮች ቅዳሜ ቅዳሜ አደባባዩ ላይ ክብ ሠርተው ተራ በተራ ይገጥማሉ። ከመሀላቸው አንዱ ከሞተ ቦታው ክፍት ይተዋል። ማንም አይቆምበትም። ሰካራም እንኳ ዞሮ ነው የሚያልፈው። ከዚያ አንዱ የሟቹን ስም ጮክ ብሎ ይጠራል። የቀሩት ጡጫቸውን ወደ ላይ ያነሱና "አለ!" ይላሉ።

ይሄ ለሞተ ሰው ብቻ ነው። በሕይወት ላለ ሰው ማንም እንዲህ አይልም። ማሟረት ነው።

ጣሪያው ላይ በጠመኔ ክብ ሠራን። ወንድሜ አንዱን ሰው ሆኖ ይቆማል፣ እቀርጸዋለሁ። ልብሱን ቀይሮ ሌላው ምልክት ላይ ይቆማል፣ እቀርጸዋለሁ። በኋላ ኮምፒውተር ላይ ሁሉም አንድ ላይ የቆሙ ይመስላሉ። የክሌበርን ቦታ ክፍት ተውነው።

ሁሉንም ጨረስን። ማለት... የጨረስን መስሎኝ ነበር።

ጆዙዌ ሻርፑን አወለቀና ክፍቱ ቦታ ጫፍ ላይ ሄዶ ቆመ።

"ምንድን ነው?" አልኩት።

"ፊልሙ ላይ ክሌበር የለበትም።"

"የለበትማ። ሞቷል።"

"ሁሉም ስለ እሱ ያወራል፣ ታይ። እሱ ግን አንድ ቃል አልተናገረም። ጀምሮ ያልጨረሳት ግጥም ነበረችው... በቃሌ አውቃታለሁ።"

"እዚያ አይቆምም፣ ዙዌ።"

"ሰው አይቆምም። እኔ ተዋናይ ነኝ።"

"ተዋናይ ሰው አይደለም?"

ሳቀብኝ። "ሁሉንም የተጫወትኩት እኔ ነኝ። እሱን ማን ይጫወትልኝ? አንቺ?"

እና ገባ።

በአንድ እግሩ... ከዚያ በሁለተኛው።

የታች ጎረቤታችን ሙዚቃ ቀጥ አለ። አጋጣሚ ነው ብዬ አለፍኩት።

ቁልፉን ተጫንኩ። ጆዙዌ ጀመረ። ስለ ዳገቱ፣ ስለ ጠዋቱ፣ ስለ ትኩሱ ዳቦ። እውነቱን ልናገር፣ እንደዚያን ቀን ገጥሞ አያውቅም።

የካሜራውን ትንሿን ስክሪን አየሁ።

ሰማያዊው የውሃ ታንከር አለ። የልብስ ገመዱ አለ። የጠመኔው ክብ አለ።

ወንድሜ የለም።

ቀና አልኩ። ፊት ለፊቴ ነው። እጁን እያወናጨፈ ይገጥማል።

ስክሪኑን አየሁ። ባዶ ጣሪያ... እና ድምፁ።

"ተበላሽቷል" አልኩ ለራሴ። እጄን ሌንሱ ፊት አወዛወዝኩ።

እጄ ይታያል።

የዚያን ጊዜ ከላይኛው ጣሪያ የአንድ ልጅ ካይት ተቆርጦ ወደ እኛ ተንሳፈፈ፤ ረጅሙ ክሩ ተከተለው። ያ ክር የተፈጨ ጠርሙስ የተለቀለቀበት ነው። ልጆቹ አንዱ የሌላውን ካይት ለመቁረጥ ነው የሚቀቡት፤ ግን ሥጋም ይቆርጣል። ክሩ ቀጥ ብሎ በወንድሜ አንገት በኩል መጣ።

"ዙዌ! ጎንበስ በል!"

አልሰማኝም።

ክሩ አለፈ።

ሳይነካው አለፈ አላልኩም። አለፈ ነው ያልኩት። በአንገቱ ቀኝ ገብቶ... በግራ ወጣ።

ጆዙዌ ግጥሙን ጨረሰና ላቡን ጠረገ። "ቀረጽሽው?"

"አንገትህ..."

"አንገቴ ምን ሆነ?"

ሄጄ ዳበስኩት። ጭረት እንኳ የለውም። ትኩስ ነው፤ የደም ስሩ ይመታል። ይሄን ያዙልኝ። ወንድሜ ትኩስ ነበር።

የቀረጽነውን ከፈትን። ባለሱቁ የለም። ፓስተሯ የለችም። ሻርፕ የተከናነበችው እናት የለችም። ሁሉም ላይ ባዶ ጣሪያና የወንድሜ ድምፅ።

"ምን ነካክተሽ ነው?" አለኝ።

"ምንም! እማዬ ትሙት!"

"የስንት ቀን ሥራ ነው እኮ፣ ታይ..."

እሱ ያዘነው ለፊልሙ ነበር። ምነው እኔም ያዘንኩት ለፊልሙ ብቻ በሆነ።

እራት ላይ እማዬ ሩዝና ባቄላውን አቀረበች፣ ዶሮውን አወጣች። ሁለት ሳህን አስቀመጠች።

"እማ፣ ሳህን ጎደለ" አልኳት።

"ለማን?"

ጆዙዌ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። እማዬ ወደ እሱ ዞረች... ግን እሱን አልነበረም የምታየው። ከጀርባው ያለውን መጋረጃ ነበር።

"እማ?" አላት።

ዶሮውን ትቆራርጣለች።

"እማ! አትቀልጂ።"

"ለዙዌ ነዋ!" አልኩ እኔ። "ለማን ይሆናል?"

ቢላዋው እጇ ላይ ቆመ። ዓይኗን እንባ ሞላው።

"ልጄ..." አለች በሹክሹክታ። "እንዲህ አታድርጊኝ። ገና ቁስሌ አልደረቀም።"

ወንድሜና እኔ ተያየን። ዶሮውን ማናችንም አልነካነውም።

በማግስቱ ከሰዓት እትዬ ዙሌይዲ መጣች። የክሌበር እናት ናት። የበቆሎ ኬክ ይዛ ነው የመጣችው፤ እኛ ጋ ኬክ ይዞ ሰው ቤት የሚኬደው ወይ ለልደት ነው ወይ ለለቅሶ። የማናችንም ልደት አልነበረም።

እማዬን አቅፋ ጀርባዋን መታ መታ አደረገቻት።

"እኔም መጀመሪያ እንዲህ ነበርኩ፣ ኢቫኒልዲ። በር በተንኳኳ ቁጥር እሱ የመጣ ይመስለኝ ነበር።"

"ድምፁ ይሰማኛል" አለች እማዬ። "ትናንት እራት ላይ... 'እማ' ያለኝ መሰለኝ።"

"ይለመዳል፣ እህቴ። ይለመዳል።"

ጆዙዌ መሀላቸው ቆሟል። መጀመሪያ ቀለደ። "እትዬ ዙሌይዲ! ጆሮሽን ኬክ ውስጥ ጋገርሽው እንዴ?" እጁን በዓይኗ ፊት አወዛወዘ። በጆሮዋ ጮኸ። የእማዬን ትከሻ ይዞ ነቀነቃት።

እማዬ ሻርፗን ሰበሰበች። "ብርድ ገባ" አለች።

ከዚያ በኋላ ወንድሜ አልቀለደም።

"አንቺ ታዪኛለሽ አይደል?" ይለኛል በየመሀሉ።

"አፍንጫህን ሳይቀር።"

"ማይልኝ።"

እምልለታለሁ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ደግሞ... "ታዪኛለሽ አይደል?"

ለማን ልንገር? ለትምህርት ቤት ጓደኞቼ ነገርኳቸው፤ አቅፈው አለቀሱልኝ። ለፓስተሯ ነገርኳት፤ እጇን አናቴ ላይ ጭና ጸለየችልኝ። ሁሉም ደግ ሆኑብኝ። ሰው ደግ ሲሆንባችሁ ምን ብላችሁ ትጣላላችሁ?

መጨረሻ ላይ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ጥሩ ሐሳብ ነበር። አሁንም ሳስበው ጥሩ ነበር እላለሁ።

"ጣሪያው ላይ እንውጣ" አልኩት። "ጠመኔውን እናጥበው። ከዚያ ስምህን ሰፈሩ ሁሉ እስኪሰማ እጠራለሁ። አንተ ራስህ መልስ። 'እዚህ ነኝ' በል። በሕይወት ያለ ሰው ለራሱ ይመልሳል አይደል?"

ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። "ምላስሽ ለአንድ ነገር ጠቀመ።"

በባልዲ ውሃ ይዘን ወጣን። መጥረጊያውን እሱ ያዘ። ክቡን ፈግፍጎ አጠፋው፤ ነጭ ውሃው በአሸንዳው ወረደ። ፀሐይ ነበረች። ካይቶቹ ሰማዩን ሞልተውታል።

ከክሌበር ቦታ ራቅ ብሎ፣ ከታንከሩ አጠገብ ቆመ።

"ዝግጁ ነህ?"

"ጥሪ።"

አየር ሳብኩ። ባለኝ ጉሮሮ ሁሉ ጮህኩ።

"ጆዙዌ!!!"

ወንድሜ አፉን ከፈተ።

"አለ!"

እሱ አይደለም። ከላይኛው ጣሪያ ነው። ካይት የሚያበራው ልጅ ክሩን በአንድ እጁ ይዞ ሌላውን ጨብጦ አንስቷል።

"አለ!" ከማዶ፣ ልብስ የምታሰጣው ሴት።

"አለ!" ከታች፣ ከመንገዱ። ባለሱቁ። ሞተር ሳይክል ያቆመው ሰውዬ። የማላውቃቸው ሰዎች። በየመስኮቱ ጡጫ፣ በየደረጃው ጡጫ። ማንም አያለቅስም፣ ማንም አይቆጣም። ልክ እንደ ቅዳሜው አደባባይ፣ እንደሚገባው።

መጨረሻ ላይ፣ ከእግራችን ስር፣ ከወጥ ቤታችን... ቀጭን ድምፅ።

"አለ..."

እማዬ ነበረች።

ወንድሜ አፉን ቀስ ብሎ ዘጋ።

"ዙዌ፣ መልስ! አሁን መልስ!"

ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ።

"ታይ..." አለኝ በሹክሹክታ። "ደግመሽ አትጥሪኝ። ስትጠሪኝ... ቀለለኝ።"

ክንዱን ያዝኩት። ትኩስ ነበር አሁንም። ግን እንደ ባዶ እጀታ ነበር የቀለለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ሥዕል የሚሥለው ጂልማር በራችንን አንኳኳ። የቀለም ባልዲ ይዟል፣ መሰላል ተሸክሟል። ደረጃችን ስር አንድ ረጅም ግድግዳ አለ፤ የሞቱብንን ልጆች ፊት እዚያ ነው የሚሥለው። እማዬ የጆዙዌን ፎቶ መርጣ አዘጋጅታ ነበር። በሁለት እጇ ሰጠችው።

ተከትዬው ወረድኩ። የመጀመሪያውን ባልዲ በእግሬ መታሁት፤ ቢጫው ቀለም መንገዱ ላይ ፈሰሰ።

"አልሞተም!" አልኩ። "ይኸው! አጠገብህ ቆሟል! ዓይን የለህም?"

ጂልማር አልተቆጣም። በርከክ ብሎ በጨርቅ ጫማዬን ጠረገልኝ።

"አውቃለሁ፣ ታይዬ" አለኝ። "አውቃለሁ።"

እትዬ ዙሌይዲ ከኋላዬ መጥታ አቀፈችኝ። ታገልኳት። አልለቀቀችኝም። ከመንገዱ ማዶ ይዛኝ ቆመች፤ ፊቴን ደረቷ ውስጥ ቀበረችው። በአንድ ዓይኔ ብቻ ነበር የማየው።

ጂልማር ግንባሩን ሣለ። ቅንድቡን ሣለ። ዓይኑ ላይ ሲደርስ መሰላሉ ጫፍ ላይ መውጣት ነበረበት። መንገዱ ዳገት ነው፣ መሰላሉ አሮጌ ነው፣ ከታች ማንም አልያዘለትም።

መሰላሉ ግን ንቅንቅ አላለም።

በሁለት እጁ የያዘው ወንድሜ ነበር። አንገቱን ወደ ላይ አቅንቶ፣ የራሱ ዓይን ሲሣል ያያል።

ጂልማር ብሩሹን ነከረ። ወደ ታች ሳያይ፣ ሥራ ላይ እንዳለ ሰው፣ "አጥብቀህ ያዝ" አለ።

"ይዣለሁ" አለ ወንድሜ።