የቅዱስ ዮሴፍ ማዕድ

እልፍነሽ ከሮም ባቡር ጣቢያ ከተርሚኒ ጀርባ ወዳለው ምግብ ቤት በጓሮ በር ስትገባ፣ ሻምበል ሀብተሚካኤል እጁን እስከ ክርኑ ሳሙና ውስጥ ነክሮ ድስት ይፈትግ ነበር። አዲስ አበባ ሳለ የታወቀ የወንጀል መርማሪ ነበር። ደርግ ሲመጣ ሹመቱም ቤቱም ሄደ፤ የተረፈው ዓይኑ ብቻ ነው። ዓይኑም ቢሆን ሮም ከገባ ወዲህ ከሳህን በቀር የሚመረምረው አላገኘም።

«ሻምበል፣ ሰው ገደልሽ ተባልኩ» አለችና እዚያው የድንች ከረጢት ላይ ቁጭ አለች።

«ማንን?»

«ግዛቸውን። ያን በሱዳን በኩል የመጣውን ልጅ። በመርዝ ነው አሉ። ፖሊስ ጣቢያ፣ ኩዌስቱራ ጠርተው ፓስፖርቴንም የመኖሪያ ፈቃዴን ፔርሜሶዬንም ያዙብኝ። የደሙ ውጤት እስኪመጣ ነው ይላሉ፤ አሠሪዬ ሲኞራ ግን ከአሁኑ ‹ወደ አገሯ ትላክልኝ› ብላለች።»

ወደ አገር መላክ ምን እንደሆነ ለሻምበሉ ማስረዳት አላስፈለጋትም። ታላቅ ወንድሟ በቀይ ሽብር ከቤት ተወስዶ በዚያው ቀርቷል፤ የእሷም ስም ከእሱ ስም ሥር ተጽፎ ነበር። ሻምበሉ እጁን በሽርጡ አደረቀ።

«ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። እልፍነሽ የምታበስልላቸው ሲኞር ሳቬርዮ ከደቡብ፣ ከካላብሪያ የመጡ የሰባ አራት ዓመት ሽማግሌ ናቸው። በእሳቸው አገር የቅዱስ ዮሴፍ በዓል ያለ ባቄላ አይከበርም። ሦስት ችግረኞች ተጠርተው በቅድስት ቤተሰብ ስም ይቀመጣሉ፤ እነሱ ሳይቀምሱ የቤቱ ሰው እጁን ወደ ማዕድ አይሰድም። ቀኑ መጋቢት ዐሥር ነው፤ በእኛ የመጋቢት መስቀል። ዘንድሮ የተጠሩት ግዛቸው፣ አንድ ክፍል አብሮት የሚኖረው ተኽለብርሃንና አንዲት ሮማዊት አሮጊት ነበሩ። እልፍነሽ ከዋዜማው የዘፈዘፈችውን ክክ ባቄላ ከሽንኩርትና ከዱር እንስላል ጋር እስኪሟሟ ቀቀለችው። በዘይት ብቻ ነውና ለጿሚም ይሆናል። ማኮ ይሉታል፤ ወፈር ያለ ሽሮ ይመስላል። ግዛቸው ያንን በበላ በሦስተኛው ቀን አልጋው ላይ ሞቶ ተገኘ።

«አንቺ ቀምሰሻል?»

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾም አልነበር! ይህን ለፖሊሱ አዛዥ ለኮሚሳርዮው ብነግረው ‹የሠራችውን የማትቀምስ ወጥ ቤት የለችም› ብሎ ጻፈብኝ።»

«አገር ሲለወጥ ጾምም ወንጀል ይሆናል» አለ ሻምበሉ።

ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ የተለጠፈች ወረቀት አይቶ ቆም አለ። «እዚህ ትኩስ ባቄላ አለ» ትላለች። አላፊ አግዳሚው ሁሉ ለገበያ የተለጠፈች ይመስለዋል። ሻምበሉ ወደ ውስጥ ተመልሶ ከወጥ ቤቱ ጋር ጥቂት ተነጋገረና ኮቱን ለበሰ።

ተኽለብርሃን የአሥመራ ሰው ነው፤ ሕንፃ ሥራ ላይ በቀን ሠራተኝነት ያድራል። ፖሊስ እሱንም ጠርጥሮት ነበር፤ ከሟቹ ጋር ሲጨቃጨቅ ጎረቤት ሰምቷል።

«በአንድ ክፍል ኖሮ ያልተጣላ ማን አለ፣ ሻምበል?» አለ፣ ባዶውን አልጋ ላለማየት ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ። «በማግስቱ ደከመኝ አለ። ዓይኑ እርድ መሰለ፣ ሽንቱ እንደ ጠላ ጠቆረ። ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው ‹ፔርሜሶ የለኝም፣ ይይዙኛል፤ ልጅ ሳለሁም የወፍ በሽታ ይዞኝ ድኛለሁ› አለኝ። እኔም አመንኩት። ተሸክሜው መሄድ ነበረብኝ።»

«ቤተሰቡስ?»

«እናቱ ጽጌረዳ ደሴ ናት። አባቷ ጣሊያን ነበር አሉ። እንደመጣ ሰሞን የእሷን ደብዳቤ ለአንድ ቤት ሊያደርስ ሄዶ ‹ደብዳቤውን ተቀብለው በሩን ዘጉብኝ› ብሎ ተመለሰ። የማን ቤት እንደሆነ አልነገረኝም። ለበዓሉ ስንሄድ ግን የሲኞር ሳቬርዮ በር ላይ ስንደርስ ፊቱ በራ። እንደ ሕፃን ነው የሳቀው።»

«ማዕዱ ላይስ?»

ተኽለብርሃን ፊቱን ከመስኮቱ መለሰ። «‹ይቅርብኝ፣ ባቄላ አይስማማኝም› ብሏት ነበር። እልፍነሽ ሳቀች። ‹ማንን ይስማማል! ሆድ ቢነፋ ንፋስ ነው፣ ያልፋል› ብላ በዳቦ አጎረሰችው፤ ‹በሞቴ› ብላ። ሁለተኛውንም ‹አንድ ያጣላል› ብላ ጨመረችለት። ከዚያ በኋላ ራሱ ሳህኑን ጨረሰ።»

«ሽማግሌው ምን ይሠሩ ነበር?»

«ፊት ለፊቱ ሆነው ያዩታል። እሳቸው ምስር ነበር የሚበሉት፤ ለብቻ የተሠራላቸው።»

ሻምበሉ ኮቱን ቆለፈ። «ያን ጉርሻ ከእንግዲህ አታንሳው» አለ በመጨረሻ። «ለማንም።»

የሲኞር ሳቬርዮ ቤት ሰፊና ቀዝቃዛ ነው። በሩን የከፈተችለት ልጃቸው ሲኞራ ኮንቼታ፣ ወደ ሃምሳ የሚጠጋት ቁጡ ሴት፣ እንዲቀመጥ እንኳን አልጋበዘችውም።

«እንግዶቹን ማን መረጠ?» አላት በጣሊያንኛ።

«ሁልጊዜ እኔ ነኝ ከደብሩ ለቅሜ የማመጣው። ዘንድሮ አባቴ የልጁን ስምና አድራሻ ራሱ ጽፎ ሰጠኝ። ምጽዋት ይወዳል ብዬ ደስ አለኝ፤ ይህቺ ወጥ ቤት ጉድ ልታፈላብን ነው ለካ።»

ሽማግሌው ሲጋራቸውን እያጨሱ ወደ ውጭ ይመለከታሉ። ከሻምበሉ ጋር የመጣችው እልፍነሽ ፍም የመሰለ ፊቷን አጎንብሳ «ሻምበል፣ መስኮቱን ልዝጋው እንዴ?» አለች በአማርኛ።

«ተይው፣ ጭሱ ይውጣ» አሉ ሽማግሌው በጣሊያንኛ።

እልፍነሽም ኮንቼታም ልብ አላሉትም። ሻምበሉ ባርኔጣውን አንሥቶ አመሰገነና በቀጥታ ሬሳውን ወደመረመረው ሐኪም ሄደ።

ከአራት ቀን በኋላ ሁሉም ያ ማዕድ በቀረበበት ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። ኮሚሳርዮው የሐኪሙን ወረቀት ይዟል፤ የእልፍነሽ ፓስፖርትም ፊቱ ነው።

«አሎራ፣ እንግዲህ» አለ ሻምበሉ። «ከድስቱ ልጀምር። ከአንድ ድስት ሦስቱ እንግዶችና ሲኞራ በሉ፤ የታመመው አንድ ነው። እልፍነሽ መርዝ ጨምራ ቢሆን አራት አልጋ ይያዝ ነበር። ስለዚህ ድስቱን ትቼ የበላተኛውን ደም ጠየቅሁ። ዓይኑ ቢጫ፣ ሽንቱ ጥቁር። ከምሠራበት ቤት በር ላይ ‹እዚህ ትኩስ ባቄላ አለ› የምትል ወረቀት አለች። ለማስጠንቀቂያ ናት፤ ባቄላ ደማቸውን የሚያፈርስባቸው ሰዎች እንዳይገቡ። ወጥ ቤታችን ‹ደቡብ ብዙ አሉ፣ ፋቪዝሞ እንለዋለን› አለኝ። ሐኪሙን ይህንኑ ይፈልጉልኝ ብዬ ለመንኳቸው።»

«አግኝተውታል» አለ ኮሚሳርዮው። «መርዝ የሚባል የለም።»

እልፍነሽ አማተበች። ሻምበሉ ግን አልተቀመጠም።

«የካላብሪያ ደም ደሴ ምን ወሰደው? ይህ ነገር ከአባት ወደ ሴት ልጁ፣ ከእሷ ደግሞ ወደ ወንድ ልጇ ይወርዳል። የግዛቸው እናት አባቷ ጣሊያን ነው። ግዛቸው ደብዳቤ አድርሶ በር የተዘጋበት አንድ ቤት አለ፤ እዚህ በር ላይ ሲደርስ ደግሞ ደስታው ፊቱ ላይ ታየ። እዚህ ቤት በባቄላ በዓል ምስር የሚበላ ሰው አለ። እንግዳውን በስም የመረጠም እሱ ነው። አማርኛ ሲነገርም ይሰማል። ሲኞር ሳቬርዮ፣ ደሴን ያውቋታል?»

«አላውቃትም።»

«እንግዲያው ልጁ በአማርኛ ‹ባቄላ አይስማማኝም› ሲል አልገባዎትም፤ ጥፋት የለብዎትም። ገብቶዎት ከሆነ ግን፣ ያ ቃል ሞት መሆኑን በዚህ ቤት የሚያውቅ እርስዎ ብቻ ነበሩ።»

ሽማግሌው ከወንበራቸው ተነሱ። ጣታቸውን ወደ እልፍነሽ ቀሰሩ።

«እኔ አላጎረስኩትም! ‹በሞቴ› ብላ ያጎረሰችው እሷ ናት!»

የተናገሩት በአማርኛ ነበር፤ አርባ ዓመት ተቆልፎበት በኖረ፣ ጥርት ባለ የወሎ አማርኛ።

«ፓፓ» አለች ኮንቼታ፣ «ምን ቋንቋ ነው የምትናገረው?»

ሽማግሌው እንደገና ተቀመጡና ከደረት ኪሳቸው የታጠፈ ደብዳቤ አወጡ። «መናገር እንጂ ማንበብ አልችልም» አሉ በጣሊያንኛ። «ልታነብልኝ የምትችለው እልፍነሽ ብቻ ናት፤ አፈርኩ። ስሙንና አድራሻውን በሩ ላይ ነግሮኝ ነበርና ዓይኑን ልየው ብዬ ጠራሁት። ሲበላ... ልናገር ብዬ ልጄን አየኋት። ከዛሬ በኋላ እንዴት ታየኛለች አልኩ። ትንሽ ነው የበላው፣ ምንም አይሆንም አልኩ።»

ሻምበሉ ደብዳቤውን ተቀብሎ አነበበው፤ መጀመሪያ በአማርኛ፣ ከዚያ ለሌሎቹ በጣሊያንኛ።

«አባቴ ሆይ፣ ለራሴ የምጠይቅዎ የለም። ልጄ ከሞት አምልጦ ወደ እርስዎ መጥቷል። እናቴ ስትነግረኝ እርስዎ ባቄላ አይችሉም ነበር፤ ግዛቸውም እርስዎን ወጥቷል። ይሉኝታ ያጠቃዋል፣ ሰው አጥብቆ ከለመነው እምቢ ማለት አያውቅም። አደራዎን ባቄላ እንዳያበሉት።»

ኮሚሳርዮው ፓስፖርቱን በጠረጴዛው ላይ ወደ እልፍነሽ ገፋው። ዝም ባለ ሰው ላይ የሚጠቀስ አንቀጽ እንደሌለው ተናገረ። ኮንቼታ አባቷን ሳታይ ከክፍሉ ወጣች፤ ሽማግሌውም ሊከተሏት አልሞከሩም።

እልፍነሽ ደረጃው ላይ ደረሰችበት። ፓስፖርቷን እንደ ሰው ዕቃ በሁለት ጣቷ ይዛዋለች።

«ሻምበል፣ የጉርሻውን ነገር ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«አልነገሩኝም።»

«ምን ይጠቅምሻል ብዬ። አንቺ እኮ በፍቅር ነው ያጎረስሽው፤ እሳቸው ናቸው እያወቁ የተዉት።»

«ጨዋታ መስሎኝ ነበር» አለች። «የእኛ ሰው ርቦትም ይቅርብኝ ይላል። ርቦት ነው የመሰለኝ።» ከዚያ አለቀሰች፤ ድምፅ ሳታወጣ፣ ብዙ። ሻምበሉም በሃያ ዓመት ሥራው ያላደረገውን አደረገ፤ አብሯት ደረጃው ላይ ተቀምጦ አለቀሰ።

«ለእናቱ ማን ይጽፍላታል?» አለች ኋላ።

«እኔ እጽፋለሁ። በሽታ ነው እላታለሁ።»

«በሞቴ ማለቴንም ይጻፉ።»

«እልፍነሽ...»

«ይጻፉ። ከእጄ በልቶ ነው የሄደው። ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከእኔ ትስማው።»

ጻፈው። ቃሉ መጻፉን በዓይኗ እስክታይ ድረስ ከአጠገቡ አልተነሳችም። ከደሴ መልስ አልመጣም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት ሆነ። እልፍነሽ ፔርሜሶዋንም የራሷንም ቤት አገኘች፤ በዓል ሲሆን እንግዳ ትጠራለች፣ እጇም እንደ ድሮው ይጣፍጣል። ነገር ግን አንድ ሰው ስለ ወጉ ብሎ «ይቅርብኝ» ያለ እንደሆነ፣ አንድ ቃል ሳትተነፍስ ሳህኑን ከፊቱ ታነሳለች። በሮም ያለው የአገር ሰው «ያቺ ቆንቋና» ይላታል። እሷም ይህን ትሰማለች።