ሉካስን የጠራሁ ቀን

ቄሱ ይህን ነገር አታውሪ ብለውኛል። እሳቸው ግን እዚያ አልነበሩም። እኔ ነበርኩ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። በሎርድ ኪልራነን ቤት፣ እኛ ሴቶቹ የእናታቸውን አስከሬን ከበን ተቀምጠናል። ጌታው ደብሊን ፓርላማ ስለነበሩ መልእክተኛ ተልኮላቸዋል። እዚያ ሲናገሩ ግማሹ ሸንጎ ያንቀላፋል ይባላል። እኔ አላልኩም።

ሙሾ አውራጇ እኔ ነኝ። ድምፄ ባያምርም ጎረቤት ነኝ፤ ቅርብ ነኝ።

ወጉ እንዲህ ነው... የቤቱን ሙታን አንድ በአንድ በስማቸው እጠራለሁ፤ መጥተው አዲሷን ሟች እንዲቀበሏት። በሕይወት ያለ ሰው ግን አይጠራም።

በጭራሽ።

ጌታው አራት ወንዶች ወልደው ሦስቱን ቀብረዋል። የቀረው የስድስት ዓመቱ ሉካስ ብቻ ነው። እሱ ከሄደ የቤቱ ስም አብሮት ይሄዳል።

"ኤድመንድ!" አልኩ።

"ወዮ!" አሉ ሴቶቹ።

"ቲባልድ!"

"ወዮ!"

"ፒርስ!"

"ወዮ!"

ከዚያ... አስከሬኑ ካለበት አልጋ ሥር ቀጭን ድምፅ ሰማሁ።

"አራተኛውስ?"

ዜማው ይዞኝ ሄዶ ነበር።

"ሉካስ!"

"ወዮ!" አሉ፣ በልማድ።



ወጥ ቤቷ ሶርካ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። "አንቺ ግራኔ! አበድሽ? ልጁ እኮ ፎቅ ላይ ዳቦውን እየበላ ነው!"

"አራተኛውስ ያለኝ ማነው?"

"ማንም ምንም አላለሽም።"

ወደ ላይ ሮጥን። ደረጃው ላይ የጭቃ ዱካ አለ... ትንንሽ ባዶ እግሮች። የሦስት ልጆች። ሁሉም ወደ ላይ የወጡ።

"ውሻው ነው" አለች ሶርካ።

"ውሻው አምስት ጣት አለው?"

ቀሚሷን ሰብስባ ቀደመችኝ።

ሉካስ መስኮቱ ሥር ቁጭ ብሏል። ደህና ነው። አፉ ላይ ግን ጭቃ ነበር... የትንሽ እጅ አሻራ።

ሶርካ ብድግ አድርጋ አቀፈችው። "ማነው የነካህ፣ የኔ ጌታ?"

"ኤድመንድ" አለ በሹክሹክታ። "ስትጠሩኝ አቤት ልል ነበር። አፌን ያዘኝ። 'ዝም በል፤ ከመለስክላቸው ወደ እኛ ትመጣለህ' አለኝ።"



ያኔ ከታች...

"ሉካስ! ልጄ!"

የጌታው ድምፅ! ያ በአፍንጫ የሚወጣው የፓርላማ ድምፃቸው። እፎይ አልኩ። እንዲያ ደስ ብሎኝ ሰምቼው አላውቅም።

"አቤት አባባ!" አለ ልጁ።

በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ።

የጌታው ሠረገላ ገና ከወንዙ ማዶ ነው። ድልድዩን አልተሻገረም።

ቀስ ብዬ ወደ ደረጃው ዞርኩ።

የወጣው ዱካ የሦስት ልጆች ነበር። አሁን የሚወርድም አለ... እርጥብ ነው።

የአራት ልጆች። አራተኛው የሉካስ እግር ልክ ነው።

ሉካስ ግን አሁንም ሶርካ እቅፍ ውስጥ ነው። ወደ ደረጃው እያየ... ሰው እንደሚሸኝ እጁን ያውለበልባል።